በማሜ ጋራ ጫፍ ላይ አንድ ቦታ

ደግሰው መጀመሪያ የወደቀው ፊቱን ሲታጠብ ነው። ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ፣ ሚስቱ ዓይናዲስ በጆግ እያፈሰሰችለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን በሳሙና አሸት አሸት ሲያደርግ መሬቱ ከሥሩ ሸሸበት። ዓይኑን ሲገልጥ የዶሮ ቆጡ ላይ ተጋድሟል። አውራ ዶሮው አጥር ላይ ወጥቶ እንደ ታዛቢ ቁልቁል ያየዋል።

"ምን ሆንህ?" አለች ዓይናዲስ፣ ጆጉን እንደያዘች።

"አዳለጠኝ።"

"በደረቅ መሬት?"

"ሳሙናው ነዋ።"

ሳሙናው ፊቱ ላይ እንጂ እግሩ ላይ እንዳልነበረ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና መልሳ ዘጋችው። ትዳራቸው የቆየው እንዲህ እንዲህ እየሆነ ነው።

ደግሰው መቋሚያ ጠራቢ ነው። የላሊበላ ካህናት በማኅሌት የሚደገፉትን፣ ቱሪስትም ለማስታወሻ የሚገዛውን መቋሚያ ከወይራ እየጠረበ ይኖራል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ይጠርብና ግድግዳ ያስደግፋል። በልጅነቱ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር፤ ድጓውን ግን አልጨረሰም። ለምን አልጨረስህም ለሚለው ሰው ብዙ መልስ አለው፤ በሁሉም መልስ ውስጥ ግን ምሥጋናው የሚባል ሰው አይጠፋም።

ምሥጋናው ዛሬ መሪጌታ ምሥጋናው ነው። ያን ጊዜ አብረው ቁራሽ የሚለምኑ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ቀን ደግሰው የኔታ ፊት ሲያዜም ድምፁ መሀል ላይ ቢሰነጠቅበት፣ ምሥጋናው ከኋላ ሆኖ "ዝም በሉ፣ እንቁላል ልትጥል ነው" አለ። ጎጆው በሳቅ ፈረሰ። የኔታም ሳቁ። ደግሰውን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው የየኔታ ሳቅ ነው። ምሥጋናው ራሱ ነገሩን ረስቶታል፤ መርሳቱ ደግሞ በደግሰው ዘንድ ሌላ በደል ሆኖ ተቆጥሯል። የደግሰው ሆድ ቂም ሲሆን እንደ ጎታ ነው፤ ከላይ ያስገባል፣ ከታች መክፈቻ የለውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ነበረችው፤ ማሜ ጋራ ላይ ያለች ቦታው።

በልደት ጠዋት የላሊበላ ካህናት ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው፣ የቤተ ማርያምን ግቢ ከላይ በከበበው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ፤ ግማሾቹ ከታች በግቢው ወለል ላይ ይቆማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የላይኞቹ ቀኝና ግራ እየዘመሙ ያዜማሉ፣ የታችኞቹ ይቀበላሉ። ደግሰው ከላይኞቹ ነው። ድጓ ያልጨረሰ ሰው እንዴት ከመላእክት ተቆጠረ ቢባል፣ በጎረምሳነቱ አንድ መዘምር ታሞ ቦታው ክፍት ሲሆን ሹልክ ብሎ ገብቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ያ መዘምር ድኖ ቢመጣም ማንም አላስታወሰው። ስለዚህ ሰው ሲታመም ቦታው ምን እንደሚሆን ከደግሰው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። በታችኞቹም ዓመቱን ሙሉ ገበያ መሀል ሳይቀር "አንተ እረኛ፣ በጎችህ ደኅና ናቸው?" እያለ ይሳለቅባቸው ነበር።

ሁለተኛ የወደቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም፣ አበሳነ በሚለው ላይ ሳይደርስ ደሳለ ላይ ተዘረገፈ። ደሳለ በረድፉ ጎረቤቱ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ፣ ሲስቅ ነጠላው የሚወልቅ ሰውዬ።

"ደግሰው፣ ሌላ ጊዜ ስትመጣብኝ አስቀድመህ ላክብኝ፣ ትራስ ይዤ እጠብቅሃለሁ" አለው በሹክሹክታ። ሹክሹክታው እስከ በሩ ተሰማ።

እግሮቹም ሌላ ሰው ያዋሳቸው ይመስል ገተር ገተር ይሉ ጀመር። ሽንቱም መልእክተኛ ሳይልክ የሚመጣ እንግዳ ሆነ፤ ማኅሌት መሀል እየተደነቃቀፈ ሲወጣ ሰው በጸሎት ተመስጦ ሊያለቅስ ወጣ ብሎ እንዲያስብ እንኳ ፊቱ አይመችም። በመጨረሻ ዓይናዲስ እየጎተተች ደሴ ወሰደችው።

ሐኪሟ የትናየት የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ገና ሲገባ "አባቴ፣ ይቀመጡ" አለችው። አባቴ! የጢሙ ግማሽ ገና ጥቁር ነው። ይህችንም ጎታው ውስጥ ከተታት። ደም ወሰደች፣ ከጀርባው በመርፌ ውኃ ቀዳች፣ ፎቶ አስነሳችው። ከዚያ አቆመችው።

"እግርዎን ይግጠሙ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

"ዓይን መጨፈን እንኳ ዜማ ቤትም አልከበደኝ" አለና ጨፈነ። ሲገልጥ የሐኪሟ ክንድ ላይ ነው።

"ከተጋባን እኔን እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም" አለች ዓይናዲስ ከወንበሯ።

ሐኪሟ ሳቋን ውጣ አስቀመጠችው። "አባቴ፣ ኅብለ ሰረሰርዎን የጎዳው ቫይረስ ነው።"

ደግሰው ፊቱ አመድ መሰለ። "ያ… ያኛው?"

"ኤች አይ ቪ አይደለም። ኤች ቲ ኤል ቪ ይባላል፤ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ተሸክሞት ምንም ሳይሆን ይኖራል። ጥቂቱን ሰው ግን እንዲህ ያደርጋል። እግርዎ መሬቱን እንደረገጠ ለአንጎልዎ መንገር እየተወ ነው። አሁን ያቆመዎት ዓይንዎ ነው። ዓይንዎን ሲጨፍኑ የሚያቆምዎ ይጠፋል።"

"ከየት አመጣሁት?"

"በብዙ መንገድ ይተላለፋል። በሕፃንነትዎ ከእናት ጡት ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎም ይመርመሩ።"

ዓይናዲስ ተመረመረች፤ የለባትም። ደግሰው ተመስገን አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ግን በዚህም በለጠችኝ የምትል አንዲት ትንሽ ሐሳብ ሽው ስትል ራሱን ታዘበ። እናቱንም አሰባት። ስትሞት መሬቱን ለወንድሙ፣ ላሚቱን ለእህቱ ትታ ለኔ ምንም አላወረሰችኝም ብሎ ስንት ዘመን አምቷታል። ለካ የሱን ድርሻ ገና በጡቷ ሰጥታው ኖሯል።

"ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት ገና አልተገኘም" አለች ሐኪሟ። "እግርዎን የሚያላላ ክኒን አዝልዎታለሁ። ዋናው ግን ልምምድ ነው። የግድግዳ ጥግ ገብተው መቆም ይለማመዱ፤ ቢወድቁ ግድግዳው ይይዝዎታል። እግርዎን ከፈት ያድርጉ። ዓይንዎን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይትከሉ። ደግሞ አደራ፣ ገደል አፍ ላይ እንዳይቆሙ።"

"ገደል አፍ ምን ሊያደርግልኝ" አለ ደግሰው። ዓይናዲስ በኃይል ሳለች።

ሲመለሱ፣ ከጋሸና ወዲህ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዋ ሥር ገብቶ "ለማንም እንዳትናገሪ" አላት።

"ሰው ሲንገዳገድ እያየህ ነውኮ። ምን ልበል?"

"ይጠጣል በይ።"

"አንተ? ጠላ እንኳ የሚያቅርህ ሰውዬ?"

"ቫይረስ ካልኋቸው የቀረውን ስም እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ያለ ይመስልሻል? ታመምሁ ካልሁ ደግሞ ማሜ ጋራ ላይ ያለችው ቦታዬ ሄደች። ሰካራም ግን ቦታ አይነጠቅም። ስካር ያድራል፣ ጠዋት ይለቃል።"

ዓይናዲስ በመስኮቱ ወደ ገደሉ አየች። "ልብ አድርግልኝ አምላኬ" አለች፣ "ይህ ሰውዬ አሰብሁ ብሎ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ደግሰው ከቤት ሲወጣ የነጠላውን ጫፍ በአረቄ ርጭት ያደርግ ጀመር። ዓይናዲስ "ጠበል በምትረጭበት ነጠላ አረቄ ትረጫለህ" እያለች ትራገማለች፤ እሱ ግን በዘዴው ኮራ። ሠርቷልና። ሲንገዳገድ ሰዎች ክንዱን ይይዙታል፣ "አይዞህ፣ ኑሮ ነው" ይሉታል። ሁለት የታወቁ ጠጪዎች እንደ ወንድም እያቀፉ ይስሙት ጀመር። በዕድሜው ሙሉ ያላገኘውን ፍቅር ባልጠጣው አረቄ አገኘው። ድጓ ሲማር እንዲህ የሚያዝንለት ቢኖር ኖሮ ይጨርሰው ነበር።

የነቢያት ጾም አጋማሽ ላይ ግን መሪጌታ ምሥጋናው ቄስ የሻውን ይዞ ቤቱ መጣ። ቄስ የሻው የደግሰው የነፍስ አባት ናቸው፤ ዝምታቸው የሚያስፈራ ሽማግሌ። እንደተቀመጡ ምሥጋናው ነገሩን ጀመረ።

"ደግሰው፣ ልደት እየደረሰ ነው። ጠርዝ ላይ ሰክሮ የሚቆም ሰው አላይም።"

"መሪጌታ፣ በዓሉ ሲደርስ…"

"አሁን ራሱ ትሸታለህ።"

ደግሰው ነጠላውን አሸተተ። አብዝቶበታል።

ቄስ የሻው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። "ልጄ፣ እኔ አልቆጣህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠላም ሆነ አረቄ፣ ጠጅም ሆነ ቢራ አንድ ጉንጭ ብትቀምስ ግዝት! ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ አባ።" መስቀሉን ተሳለመ። በሆዱ ሳቀ፤ የማይጠጣን ሰው እንዳይጠጣ መገዘት በሬን እንዳይበር እንደመገዘት ነው። ምሥጋናውም ደስ ብሎት "ጎሽ! እንዲህ ነው ሰው" አለ።

ደግሰው ሊሸኛቸው ብድግ አለ። እግሩ አልሰማም፤ ከመቃኑ ጋር ተላትሞ የቄስ የሻውን ካባ ይዞ ቆመ። ምሥጋናውና ቄሱ ተያዩ። የግዝቱ ቃል ገና ከአየሩ ላይ አልወረደም።

ያን ጊዜ ነው ደግሰው በገዛ እጁ የቆፈረውን ጉድጓድ ጥልቀት ያየው። አረቄውን ተወ፣ ነጠላውን አሳጠበ፤ መንገዳገዱ ግን አይታጠብም። እስከ ትናንት ሰካራም ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ግዝት ጣሽ ነው። ቅዳሜ ገበያ መሀል በርበሬ ሻጮቹ ፊት ጉልበቱ ሲከዳው ሴቶቹ አማተቡ። ጠጪ ወዳጆቹ እንኳ ሲያዩት መንገድ ይለውጡ ጀመር፤ እነሱም ለካ ወሰን አላቸው።

ደሳለ ሊጠይቀው መጣና ደጁ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"ወንድሜ፣ ስካሩ ስካር ነው፣ እኔም አልጸዳሁም። ግዝት ጥሰህ ከኔ ጎን ጠርዝ ላይ መቆም ግን አይሆንም። መብረቅ ሲወርድ ሰው መርጦ አይመታም። እኔ ደግሞ እንደምታየኝ ሰፊ ነኝ።"

"ማን ላከህ?"

"መሪጌታ ነው። ዘንድሮ ቦታህን ለሌላ ሰው ሰጥቷል።"

ዓይናዲስ ደሳለ እስኪርቅ ጠብቃ ፊቱ ቆመች። "አሁንስ ንገራቸው!"

"ከነገርኋቸው ቦታዋ ሄደች።"

"ካልነገርሃቸውስ?"

"ሄደች።"

"ታዲያ?"

"ቆሜ አሳያቸዋለሁ።"

የቤቱ ጥግ ላይ፣ በግድግዳውና በጎታው መካከል እየገባ ይለማመድ ጀመር። ሐኪሟ እንዳለችው እግሩን ከፈት፣ ዓይኑን ደግሞ ዓይናዲስ ወንፊቷን የምትሰቅልባት ምስማር ላይ ትክል ያደርጋል። መቋሚያውን ያነሣል፣ ወደ ቀኝ ይዘማል፣ ጎታው ይይዘዋል። ወደ ግራ ይዘማል፣ ግድግዳው ይይዘዋል። ዕድሜውን ሙሉ መቆሚያ ለሰው ሲጠርብ የኖረ ሰው እነሆ እንደ ዳዴ ሕፃን ቁም ቁም ይማራል። ዓይናዲስ ወንፊቱን ስታወርድ ዓይኑ አብሮ ወርዶ አንድ ቀን ጎታው ላይ ጥሎ ጤፍ አስደፋው። ቢሆንም በዓሉ ሲቃረብ መቋሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ያለ ግድግዳ መዝመም ቻለ።

የልደት ለት ቅዳሴው እንዳለቀ ሌላው ሳይወጣ ቀድሞ ማሜ ጋራ ወጣና ቦታው ላይ ተተከለ። ነጭ ለብሷል፣ ጥምጣሙን አሳምሯል፣ ዓይናዲስ ሦስት ጊዜ አሽትታ ለቅቃዋለች። ከታች የቤተ ማርያም ግቢ፣ ዙሪያውን የተሳላሚ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር። ሊተካው የመጣው ሰው ቦታው ተይዞ ሲያገኘው መሪጌታን አየ።

ምሥጋናው ተጠጋ። "ውረድ" አለ በጥርሱ መሀል።

"ካልወረድሁስ?"

"ደግሰው፣ በልደት ቀን አታሳፍረኝ።"

"አንተ እኔን በዘወትር ቀን አሳፍረኸኛል።"

ምሥጋናው ነገሩ አልገባውም። ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡ እልል አለ፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደሳለ ሰማዩን አየት አደረገና ደመና አለመኖሩን አረጋግጦ ከደግሰው ጎን ቆመ።

ደግሰው እግሩን ከፈት አደረገ። ዓይኑን የሚተክልበት ፈለገ። ማዶ ተሳላሚዎቹ ከተቀመጡበት አፋፍ ላይ አንዲት ቢጫ ጀሪካን አየ። እሷን ያዘ። ዜማው ተነሣ፤ ረድፉ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ አብሮ ዘመመ። ወደ ግራ፣ አብሮ። ቆመ! ከታች እረኞቹ ተቀበሉ። ደግሰው ከጀሪካኗ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ አዜመ፤ ድምፁም አልተሰነጠቀም። የኔታ በሕይወት ኖረው ቢያዩት አለ በልቡ።

አፋፉ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ውኃ ጠማት።

ጀሪካኗ ተነሣች። ዓይኑም ተነሣ። ሴትዮዋ ጠጣችና ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ጎረቤቷ ለባሏ፣ ባልየው ከኋላ ላለ መነኩሴ። የደግሰው ዓይን ጀሪካኗን ተከትሎ ሄደ፣ ራሱ ዓይኑን ተከተለ፣ ትከሻው ራሱን። ሲነቃ አየር እያቀፈ ነው። እጁን ወርውሮ ያገኘውን ያዘ፤ ያገኘው የደሳለን መቀነት ነው። ያ ሁሉ ሰውዬ ከነሆዱ ወደ ጠርዙ ዘለቀ። ደግሰው ቁልቁል ሲያይ የደሳለን ጫማ ግማሹን ከድንጋዩ ውጭ አየው። ደሳለ አልጮኸም፤ "እመቤቴ" ብቻ አለ፣ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ።

ደግሰው መቀነቱን ለቀቀና ወደ ኋላው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ማሜ ጋራ ላይ በወረቡ መሀል ተቀምጦ የሚያውቅ መልአክ የለም። ዜማው ተጎተተ፣ ከበሮው አንዴ ስቶ ቆመ። ከታች ያሉት የሚቀበሉት አጥተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ምሥጋናው ዓይኑ ደም ለብሶ ወደሱ መጣ።

"አልሰከርሁም!" አለ ደግሰው። ዝም ባለው ግቢ ውስጥ ድምፁ ታች ወርዶ ዓለቱን ነካክቶ ተመለሰ። ከጀመረ አይቀር ጨረሰው። "ጠጥቼም አላውቅ! አረቄውን ነጠላዬ ላይ ነው የረጨሁት! ታምሜ ነው፣ ኅብለ ሰረሰሬ ውስጥ ቫይረስ አለ። ያኛው አይደለም፣ ሌላ ነው! እግሬ መሬት አያውቅም። ቦታዬን እንዳትሰጡብኝ ብዬ ነው!"

ምሥጋናው በቁሙ ቀረ። "ታዲያ ይህን ብትናገር ማን ይበላህ ነበር? ያ መናጢ ደሳለ አሁን ገደል ገብቶ ቢሆን?"

"አንተ ልትስቅብኝ!"

"እኔ መቼ ስቄብህ አውቃለሁ?"

"እንቁላል ልትጥል ነው አላልኸኝም? የኔታ ፊት!"

"የምን እንቁላል?" አለ ምሥጋናው፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ደግሰው እዚያው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ አየው። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻውን ሲሸከመው ኖሯል ማለት ነው።

ደሳለ መቀነቱን እያጠበቀ ጎንበስ አለ። "አንተ ጉደኛ፣ እኔኮ መብረቁን ከላይ ስጠብቅ ከጎን መጣኸብኝ" አለና ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው። በሌላው ጎን ምሥጋናው ያዘው። በቄስ የሻው አጠገብ ሲያልፉ ሽማግሌው መስቀላቸውን ዘረጉለት።

"አባ፣ እንግዲህ ግዝቱ ተነሣልኝ?"

"አልተነሣም" አሉ ቄስ የሻው። "ስለዋሸህበት እስከ ፋሲካ ንስሓ ይሁንህ።"

ዛሬ ልደት ነው፤ ከየቤቱ ጠላ ይቀዳል። የማይወደው ነገር ነው፤ ስለተከለከለ ግን ገና ካሁኑ አማረው።

በጠባቡ መውረጃ ደግፈው ግቢው ውስጥ አወረዱትና በታችኞቹ ረድፍ መጨረሻ፣ ዓለቱ ለሁለት በሚገጥምበት ጥግ አቆሙት። ምሥጋናው ጥምጣሙን አስተካከለለት፤ ወደ ላይ ሊመለስ ሲል ዞር አለና "እንቁላል?" አለ እንደገና ለራሱ። እሱ ላይ ሲደርስ ከበሮው ተነሣ።

ከጎኑ የቆመው ሰው ኪዳን የሚባል፣ ገበያ ላይ ስንት ጊዜ የበጎቹን ደኅንነት የጠየቀው እረኛ ነው። ኪዳን ከላይ እስከ ታች አየውና ቦታ ለቀቀለት።

"በጎቼ ደኅና ናቸው" አለ። "አንተስ እንዴት ዋልህ?"

ደግሰው ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ ከላይ ግን ዜማው መጣ። ከዚህ ሆኖ ሲሰማው የመጀመሪያው ነው። ቀና ብሎ ነጩን ረድፍ አየው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከመሀል አንድ ሰው እኩል አይዘምም፤ ሁልጊዜ ዘግየት ይላል። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ለየው። የኪዳንን ክንድ ጨበጠ።

"ይዘገያል!" አለ። "መሪጌታ ይዘገያል! ታውቁ ኖሯል?"

"ድሮ እናውቃለን" አለ ኪዳን። "ዝም በልና ተቀበል።"

ደግሰው ጀርባውን ለዓለቱ፣ ትከሻውን ለሌላኛው ዓለት ሰጠ። ቀዝቃዛና ጽኑ ነበሩ። ከዚያ የሐኪሟ ክንድ ላይ ከወደቀ ጀምሮ ያልደፈረውን አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። አልወደቀም። ተራው ሲደርስ ከእረኞቹ ጋር ተቀበለ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀ፣ ማንም ዞሮ አላየውም።